አምቡላንስ ላይ የምትሠሩ፦ ለራሳችሁ ብላችሁ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?

የሌሊት ተረኛ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። አምቡላንስ ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ፣ ሥራው ላይ ዓመታት ሆኖኛል። ዛሬ የምጠይቃችሁ ስለ በሽተኛ አይደለም። ስለ ራሳችን ነው።

ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ዲውቲ ጨርሼ ቤት ስገባ ሰውነቴ ዝሎ አልጋ ላይ ይወድቃል፣ ጭንቅላቴ ግን አያርፍም። ስልክ ሲጠራ ልቤ ድው ድው ይላል። የእረፍት ቀኔ ሆኖ እንኳ ጥሪ የመጣ ይመስለኛል። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ምንም" እላለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ ውኃ ደፉ ብዬ ቤቱን በጩኸት አናጋዋለሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አንድ ነገር መጥቀስ አልችልም፣ ተጠራቅሞ ነው። ግን አንዱን ልንገራችሁ። በቅርቡ መተንፈስ ያቃታት ትንሽ ልጅ ይዘን ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድን። በር ላይ "አልጋ የለም" ተባልን። ቀጥሎ ያለው ጋ ስንደርስ "ኦክስጅን ያለበት አልጋ ተይዟል" አሉን። ወደ ሌላ ስንበር መንገዱ ተጨናንቋል፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪ ያወርዳል። እናትየው እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ "ደህና ናት አይደል? ደህና ናት አይደል?" ትለኛለች፣ እኔ የኦክስጅን መጠኑን የሚያሳየውን ቁጥር እያየሁ ነው፣ ቁጥሩ ይወርዳል። አልደረስንም። ከዚያ ምን አደረግን? አስከሬኑን አስረከብን፣ ወለሉን በበረኪና አጠብን፣ ጭንብሉን ቀየርን፣ ለሌላ ጥሪ ዝግጁ ነን ብለን ተናገርን። ወዲያው ምጥ የያዛት ሴት አለች ተባለ፣ ሄድን። ስለ ልጅቷ እስከ ዛሬ "እናንተስ እንዴት ናችሁ?" ያለን አለቃ የለም።

አብሮኝ የሚሠራው ሹፌር ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው የሚመስለኝ። ድሮ ሲያስቀን የሚያድር ሰው ነበር። አሁን ተረኛ ስንሆን ሙሉ ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሊያድር ይችላል። ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ወደ መጠጥ ነው። ስጠይቀው "ተወኝ ባክህ፣ ደክሞኝ ነው" ይለኛል።

እና ጥያቄዬ፦ ከእናንተ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ባለሙያ ጋ የሄደ አለ? የት ሄዳችሁ? መሥሪያ ቤት ቢሰማ ከአምቡላንስ ላይ ያወርዱናል? የሰው አፍ ታውቃላችሁ፣ "አማኑኤል ታየ" ከተባልክ በቃ አበደ ነው የሚሉህ። ሹፌሩንስ እንዴት ብዬ ልንገረው? እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ሲስተር ሳይካትሪ

ወንድሜ፣ ጥሩ አደረግህ የጻፍከው። እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሳላይህ ምርመራ ልሰጥህ አልችልም፣ ግን የማውቀውን ልንገርህ።

ከባድ ነገር ካየህ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ያ ነገር ዓይንህ ላይ እየመጣ መመላለስ፣ የሆነበትን ሰፈር ማለፍ መጥላት ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ ብዙው ሰው ላይም በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራህን ወይም ቤትህን ማወክ ከጀመረ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ተደርበው መምጣታቸውም የተለመደ ነው። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ይሄን ደግሜ እለዋለሁ፣ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

የት ልሂድ ላልከው፣ አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ኤካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ፣ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ቢያንስ የሳይካትሪ ነርስ አታጡም። ድሮ ድሮ ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሁንም ባለሙያው ከሕዝቡ ጋር አይመጣጠንም፣ ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ሂድ፣ ወረፋ ይኖራል። አማኑኤል መሄድም ቢሆን ነውር የለበትም። ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው አስተማሪ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ የቤት እመቤት ናት።

ስትገባ ምን እንደሚጠብቅህ ልንገርህ፣ ሰው የሚፈራው ይሄን ስለማያውቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወሬ ነው። እንቅልፍህን፣ ምግብህን፣ የምትጠጣውን፣ ጫት ትቅም እንደሆነ፣ በቤተሰብህ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም እንዳለ ይጠይቁሃል። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቅ እንደሆነም በቀጥታ ይጠይቁሃል። አትደንግጥ፣ ሁሉም ሰው ነው የሚጠየቀው። አንዳንዴ እንደ እንቅርት ዕጢ ያለ ሌላ ችግር እንዳይሆን የደም ምርመራ ያዛሉ። አስረው የሚያስተኙህ ከመሰለህ፣ እንዳንተ በእግሩ መጥቶ ሥራውን እየሠራ ያለ ሰው የሚታየው በተመላላሽ ነው።

ሕክምናው በዋናነት በንግግር ነው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ካገኘህ ያንን ያዝ። ካልተገኘ ወይም ከበድ ካለ እንደ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ይታዘዝልሃል። ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ "ሦስት ቀን ወሰድኩት፣ ምንም የለውም" ብሎ መጣል የለም። ሹፌር ከሆንክ ደግሞ መኪና እንደምትነዳ ለሐኪሙ ንገረው፣ የሚያንቀላፋ መድኃኒት እንዳይሰጥህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ የጤና ባለሙያዎች መድኃኒት እጃችን ላይ ስላለ ራሳችንን እናክማለን። ዳያዚፓም ከዚህም ከዚያም አግኝታችሁ ለእንቅልፍ የምትውጡ ካላችሁ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት እንዳይሰጥ ነው የሚመክረው። ሱስ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ይሄንን እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፣ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ የምታነሱት እናንተ ናችሁና።

ነባር ባለሙያ

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ይሄ ሥራ ስትገባበት ደም እንዳለው ታውቃለህ። እኛም ብዙ አይተናል፣ አልቅሰንም አናውቅም። ልብ የሌለው ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ለራሱም ለበሽተኛውም ይሻላል።

ጋሽ ሹፌር (ደቡብ ወሎ)

ነባር ባለሙያ ላልከው፣ እኔም ነባር ነኝ፣ ስለዚህ እንነጋገር።

የወረዳ አምቡላንስ ነው የምነዳው። አብዛኛው ሥራዬ ወላድ ማመላለስ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ ሰዉ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪናው እስከሚደርስበት ያመጣታል። ብዙ ጊዜ ከኋላ ባለሙያ የለም። እናቷ ወይም ጎረቤት ናት ያለችው። እኔ መሪ ይዤ፣ ከኋላ ጣር እሰማለሁ። ልቁም? ልንዳ? ቆሜ የማደርገው የለኝ፣ ብነዳ መንገዱ ይንጣታል። መኪና ውስጥ የወለዱ አሉ፣ ስማቸውን የሚያወጡልኝም አሉ፣ ደስ ይላል። ያልደረሱም አሉ። ሥልጠና ሲመጣ ግን "የጤና ባለሙያ" ነው የሚባለው። ሹፌር አይጠራም። ሹፌር ምን ያያል ተብሎ ነው መሰለኝ። የኋላ መመልከቻ መስታወት ያለው ሰው ሁሉን ያያል ልጆቼ።

በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በትግራይም፣ በእኛም፣ በአፋርም አምቡላንስ ተዘርፏል፣ ተመቷል። ከዚያ ወዲህም የቀይ መስቀል ዓርማ የለጠፈ መኪና ላይ ተተኩሷል፣ ለመርዳት የወጡ ሰዎች ሞተዋል። አሁንም ኬላ ላይ ስቆም እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ልብ ስለሌለኝ ነው እንግዲህ?

ልጄ የሌሊት ተረኛ፣ እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጸበል ነው። አልዋሽህም፣ ጠቅሞኛል። ሰው መሀል ሆንኩ፣ ከመጠጥ ራቅሁ፣ እንቅልፌ ትንሽ ተመለሰ። ግን ቅዠቱ አልለቀቀኝም። ከዚያ የነፍስ አባቴ ናቸው "ሐኪም ጋም ሂድ፣ እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው" ያሉኝ። ሆስፒታል ያለች አንዲት የሳይካትሪ ነርስ አየችኝ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ እየተመላለስኩ አወራኋት። ጸበሉንም አልተውኩም፣ ኪኒኑንም አላቋረጥኩም። እስከ ዛሬ እየነዳሁ ነው። ማንም ከመኪናዬ አላወረደኝም።

ነባር ባለሙያ

ጋሼ፣ እንዲህ ተብሎ ሲነገር ሌላ ነው። የጻፍኩት እኛን እንደዚያ ስላሳደጉን ነው። አከብርዎታለሁ።

የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅ አደጋ ሲሆን ሰው ያስታውሰናል። መጋቢት 2009 ኮሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ በቁፋሮው ላይ የነበሩትን አገር ሁሉ አየ። መጋቢት 1 ቀን 2011 አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅም እንዲሁ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ደግሞ መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ሰዎች ራሳቸው ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። እነዚህ ሲሆኑ ሁሉም "አይዟችሁ" ይላል።

ወንድማችን የጻፈውን ግን ማን ይቆጥረዋል? ሰው የሚያልቀው በአንድ ቀን ትልቅ አደጋ ብቻ መስሎን ነው። በየቀኑ "አልጋ የለም" መባል፣ በየቀኑ "ዘግይታችሁ ገደላችሁት" ተብሎ መሰደብ፣ አንዳንዴም ድንጋይ መወርወር፣ በ907 ወይም በ939 ተደውሎ የውሸት ጥሪ ሆኖ መመለስ፣ ይሄ ነው የሚፈጀን። በተለይ ማዳን እየቻልክ በር ሲዘጋብህ። ደም ማየቱን እንለምደዋለን። በር መዘጋቱን የለመደ ሰው ግን አላየሁም።

ኢኤምቲ ከሜሪላንድ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው። ሴት ነኝ፣ ሐበሻም ነኝ፣ ስለዚህ "ሰው ምን ይለኛል"ን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

እዚህ ሁሉ ነገር አለ ብላችሁ እንዳታስቡ። አገልግሎቱ አለ፣ የሚጠቀመው ሰው ነው የሚቸግረው። በ2017 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ራሳቸውን ያጠፉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ላይ ከሞቱት ይበልጡ እንደነበር የወጣ ጥናት አለ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ አምቡላንስም ላይ የሚሠሩ ናቸው። እርዳታ እንዳይጠይቁ የሚያደርጋቸው ደግሞ እናንተን የሚያስፈራችሁ ያው ነገር ነው፣ አለቃ ይሰማል፣ ጓደኛ ይንቀኛል፣ ፈቃዴ ይነጠቃል።

እኛ ጋ ሠርቷል የምለው ነገር ስልክ ቁጥሩ አይደለም። 988 የሚባል ራስን ለማጥፋት ለሚያስብና ለተጨነቀ ሰው የሚሆን ሀገር አቀፍ የስልክ መስመር ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይረዳል። እኔን የረዳኝ ግን የሥራ ባልደረባ ነው። ከእኛው መሀል የተመረጡ፣ ትንሽ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች አሉ። ሐኪም አይደሉም። ከባድ ጥሪ ከወጣህ በኋላ አንዱ ቡና ይዞ ይመጣል፣ "ዛሬ እንዴት ነህ?" ይልሃል። ካልፈለግክ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ደግሞ ይደውላል። ሁለተኛው ስልክ ነው ዋናው፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው "ደህና ነኝ" ነው የሚለው።

ሌላው፣ ሕፃን የሞተበት ጥሪ ላይ የነበረ ቡድን ለተወሰነ ጊዜ ከጥሪ ይወጣል። ላኪው ክፍል ራሱ ነው የሚያደርገው፣ አንተ መለመን የለብህም። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፣ የሚያዝ ሰው ነው የሚፈልገው። እኛ ጋ መኪናውም ሰዉም ጥቂት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን መኪናውን አቁሞ ሻይ ለመጠጣት የሚፈቀድበት መንገድ ይፈለግ።

ከጥሪው በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ በአንድ ያየውን የሚያስወራ ስብሰባም አለ። እዚህ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። እናንተ ጋ ብትጀምሩትስ?

ሲስተር ሳይካትሪ

እህቴ፣ የባልደረባውን ነገር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የመጨረሻውን ግን አልመክርም፣ ምክንያቴን ልንገርሽ። ሰውን በግድ ሰብስቦ በአንድ ቀን ያየውን ሁሉ እንዲናገር ማድረግ በኋላ ሕመሙን እንደሚከላከል ማስረጃ አልተገኘም፣ አንዳንዱን እንዲያውም ሊያብስበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዳይደረግ ነው የሚለው። ምናልባት አንቺ ጋ የምታደርጉት ሰው በፈቃዱ የሚገባበት ይሆናል፣ እሱ ሌላ ነው። እዚህ ግን አንድ አለቃ በቅን ልቦና ተነስቶ "ሁላችሁም አዳራሽ ግቡና ተናገሩ" ቢል፣ ያልበረደ ቁስል ሰው ፊት መክፈት ይሆናል።

በምትኩ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለው አለ። ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው በልቷል ወይ? ቤቱ የሚያደርሰው አለ ወይ? ማውራት ከፈለገ ሳታቋርጠው ስማው፣ ካልፈለገ አታስገድደው። ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ የት እንደሚሄድ አሳየው። ይሄን ሹፌርም፣ ነርስም፣ ጥሪ የሚቀበለው ሰውም በአጭር ሥልጠና ሊማረው ይችላል። ጥሪ የሚቀበሉትን ረስተናቸዋል ደግሞ። ስልኩ ላይ ጩኸቱን ሰምተው፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ወደሚቀጥለው ጥሪ የሚያልፉት እነሱ ናቸው።

የሠራተኛ ሕግ አማካሪ

ስለ ሥራው ጉዳይ አጭር ነገር ልጻፍ። በግል ድርጅት ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ሕመም ይላል እንጂ የእግር ወይም የሆድ ብሎ አልለየም፣ የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ነው የምትተዳደሩት፣ የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቁ።

ለሕክምና ክትትል ብቻ ከሆነ ግን ለአለቃህ ዝርዝሩን የምትነግርበት ምክንያት የለም። "የሕክምና ቀጠሮ አለኝ" በቂ ነው። ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ሲጻፍልህ ምን እንደሚጻፍበት ከሐኪሙ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፣ ብዙዎቹ ይረዱሃል። ማስረጃውን ስታስገባ ቅጂውን ለራስህ አስቀር።

የሌሊት ተረኛ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አስነበብኳት፣ "ምንም" የምላት ነገር ምን እንደሆነ ዛሬ ገባት። በሚቀጥለው ሳምንት እረፍት አለኝ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ልሄድ ወስኛለሁ።

የቀረኝ የሹፌሩ ነገር ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት፣ ሰው ምን ቢልዎት ነበር የሚሰሙት? ትናንት ማታ ደግሞ "እኔ ብሞት ለቤተሰቤ ይሻላል" የሚል ቃል አመለጠው። ደነገጥኩ። ዝም አልኩ።

ሲስተር ሳይካትሪ

ይሄን ቃል ከሰማህማ የሚቀጥለውን ሳምንት አትጠብቅ። ዛሬ አግኘው። ለብቻው አድርገህ በቀጥታ ጠይቀው፣ "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" በለው። መጠየቅህ ሐሳቡን አይሰጠውም፣ ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው ስላገኘ እፎይ ይላል። "አዎ" ካለህ፣ በተለይ እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ፣ ብቻውን አትተወው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘኸው ሂድ፣ አማኑኤልም ድንገተኛ አለው። ቤት ውስጥ መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ ወይም መሣሪያ ካለ ከአጠገቡ ይራቅ፣ ለዚያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። መጠጥ በዚህ ሰዓት አደገኛ ነው፣ "አንድ አብረን እንጠጣና ይቅለልህ" እንዳትል።

ጋሽ ሹፌር (ደቡብ ወሎ)

ልጄ፣ ሲስተር ያለችህን አድርግ፣ ዛሬውኑ። እንዴት ልበለው ላልከው፣ ቁጭ አድርገህ ፊት ለፊት እያየህ አትጠይቀው፣ እንደ ምርመራ ይሆንበታል። ሹፌር መኪና ውስጥ ነው የሚያወራው። ጎኑ ተቀመጥ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሬዲዮው ይቀነስ። "እኔ ከዚያች ልጅ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ አንተስ?" በለው። አንተ ቀድመህ ከጀመርክለት አያፍርም። ከዚያ የሰማኸውን ቃል አንሳ፣ አትለፈው። "ትናንት ስለ መሞት ያልከው ነገር አላስተኛኝም፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?" በለው። ዝም ቢል ዝም በል፣ ቶሎ ብለህ ምክር አታዝንብበት። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተወው" ብለህም እንዳትዘጋበት።

ሐኪም ጋ ሂድ አትበለው። "እኔ ልሄድ ነው፣ አብረን እንሂድ" በለው። ካርድ ስታወጣ ለሁለታችሁም አውጣ። ሚስቱን የምታውቃት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልላት፣ እሷ ሳታውቅ አይሆንም። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ሹፌር ከሹፌር ጋር ማውራት ከፈለገ በማንኛውም ሰዓት ይደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

የሌሊት ተረኛ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ሲስተር፣ አሁን ወደ ቤቱ እየሄድኩ ነው። ሚስቱን አግኝቻታለሁ፣ ቤት አለ ብላኛለች። የእርስዎን ስልክም ይዤለታለሁ።